መጀመሪያ አሮጌው ይለቅ

አትክልት ተራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ባለጥፍሯ መጣች» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችላት ከመግቢያው በስተግራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ዘርግታ የምትውለው አትክልት ሻጭ ናት፤ ያወጣችላትም ወዳ ሳይሆን ተማርራ ነው። እሸት አተር በገባ ሰሞን ይህቺ ሴትዮ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ብቅ ካለች፣ ክምሩን ከላይ እስከ ታች ሳታገላብጥ፣ ከመሃል አንዱን ፈልቅቃ ፍሬውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን ሳታደርግ፣ ግዢ ብሎ ነገር የለም። ጥፍሯ ሳይቸገር ከገባና ውሃ ብጤ ካቀረረ፣ ጥሩ። ፍሬው ጥፍሯን ከመለሰ ግን «ይሄን ለዘር አስቀምጪው እህቴ» ትልና ወደሚቀጥለው ክምር ታልፋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አተር ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ሙሽራ ልትመርጪ?» ትላታለች ሻጯ።

«ባሌንም እንዲሁ ነው የመረጥኩት።»

«በጥፍር?»

«በምን ልመርጠው ኖሯል?»

ሻጯ ትስቃለች፤ እሷ አትስቅም። የምሯን ነው።

አተር ላይ የሚያክላት እንደሌለ ማንም አይክድም። ቅርፊቱን እፍኝ ሙሉ አንስታ እርስ በርሱ ታሸዋለች፤ ሲጥ ሲጥ ካለ ዛሬ ጠዋት የተለቀመ ነው፣ ዝም ካለ አድሯል። አረንጓዴው ወደ ነጭ የሸሸውን፣ ጀርባው የተጨማደደውን፣ ተወጣጥሮ ሊፈነዳ የደረሰውን አትነካም፤ እሱ ውስጡ ዱቄት ሆኗል። ጠፍጣፋውን ደግሞ «ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ምን አቸኮለው» ብላ ትመልሰዋለች። አተር ከሐረጉ ከተቀነጠሰ ጀምሮ ጣዕሙ ሰዓት በሰዓት እንደሚሸሽ፣ ጠዋት ስኳር የነበረው ማታ ድንች ድንች እንደሚል አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ገበያ የምትወጣው በማለዳ ነው፤ ስትመለስም መንገድ ላይ ቆማ ወሬ አታወራም።

እንግዲህ እናንተዬ፣ ለመምረጥ ይህን ያህል የምትለፋ ሴት ቤት ምን ዓይነት አተር ይበላል ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የአምናው ነው የሚበላው። አዎ፣ የአምናው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓዳዋ ውስጥ ወገብ የሚደርስ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ፍሪዘር አለ። ከገበያ ያመጣችውን ያንኑ ጠዋት ትፈለፍለዋለች። የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ትጨምረውና አረንጓዴው ደመቅ ሲል፣ አፍታ ሳትሰጠው አውጥታ በረዶ የተጣለበት ውሃ ውስጥ ትዘፍቀዋለች። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ ታሰጣዋለች፤ ውሃው ጠፈፍ ሲል በላስቲክ እየከፈለች፣ አየሩን በመዳፏ እየገፋች አስወጥታ ጥርቅም አድርጋ ታሳስራለች። እዚህ ድረስ ማንም ባለሙያ እንከን አያወጣላትም። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ካለፈው ዓመት የተረፈ አለ፤ ሁሌም አለ። የተረፈውን ታወጣዋለች፣ አዲሱን ከታች ትደረድራለች፣ አሮጌውን ከላይ ትመልሳለች። «መጀመሪያ አሮጌው ይለቅ» ትላለች። አሮጌው እስኪያልቅ አዲሱ ያረጃል። አሮጌው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ እሸት ይገባል። ቀሪውን እናንተው ድረሱበት፤ በዚያ ቤት የዘንድሮ አተር ዘንድሮ ተበልቶ አያውቅም።

ባሏ አናጺ ነበር። ትንሽ የሚናገር፣ የሚናገረውንም በግማሽ ፈገግታ የሚናገር ሰው። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ይወጣል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ይገባል፤ አንዳንድ ቀን ከነእርሳሱ ይተኛል እያለች ታማዋለች። ለአተር መፈልፈያ ብሎ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ አንደኛው ጥግ ላይ ማፍሰሻ አፍ ያለው የእንጨት ትሪ ሠርቶላታል። በእሸት ሰሞን ሥራውን ትቶ አብሯት ይፈለፍላል። ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጡና ትሪውን ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ እሷ በጥፍሯ ትሰነጥቃለች፣ እሱ በዚያ ወፍራም አውራ ጣቱ ጠረግ ያደርጋል። ላስቲኩን የሚያስረውም እሱ ነው፤ ጣውላ ላይ መስመር በሚያስምርበት ሰማያዊ ሲባጎ፣ ጎትተው ካልቆረጡት በቀር በማይፈታ ቋጠሮ። አልፎ አልፎ አንዲት ፍሬ ወደ አፉ ስትሄድ ታይበትና እጁን ቸብ ታደርገዋለች።

«ለኋላ ነው።»

«ኋላ መቼ ነው?»

«ሲደርስ ታየዋለህ።»

ያንን «ኋላ» አንድ ጊዜ አይቶታል፣ ያውም በእንግዳ ሰበብ። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ገደማ የሥራ አለቃው ከነሚስቱ ምሳ ተጠርቶ መጣ። የከረመ አተር ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው ብላ የዚያኑ ዕለት እሸት ገዛች። ቀይ ሽንኩርቱን ሳይጠቁር በቅቤ አለሳልሳ፣ አተሩን ጨምራ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋ፣ ክዳን ሳትገጥም አበሰለችው፤ ክዳን ከተገጠመበት አረንጓዴው ይጠወልጋል። ጨው መጨረሻ ላይ ብቻ። እንግዶቹ ጥርግ አድርገው በሉት። ለእሷ ጭራሽ አልደረሳትም፤ ለባልየው የደረሰው ድስቱ ጥግ ላይ የቀረ አንድ ማንኪያ ነው። ያንን ማንኪያ አፉ ውስጥ ይዞ ብዙ ቆየ።

«ይሄ አተር ነው?» አላት።

«ምን መሰለህ ታዲያ?»

«እኛ ስንበላ የኖርነው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከወጥ ቤቱ ደህና ነገር በሸተተ ቁጥር በሩ ላይ ብቅ ይልና «እንግዳ አለ እንዴ?» ይላል። እሷም «የለም፣ ያው የእኛው ነው» ትላለች። «እንዲያ ከሆነ እሺ» ብሎ ሄዶ ይቀመጣል። እሷ ቀልድ ይመስላት ነበር። ለጎረቤት ሳይቀር «የእኔ ሰውዬ አንድ ቀልድ ይዞ አረጀ» እያለች ታወራው ነበር። አሁን ስታስበው አንጀቷን ይበላዋል። ሰውየው እኮ እየጠየቃት ነበር።

ክፋት አይደለም፤ እኔም ስሟን ላጠፋ አልተነሳሁም። ልጅ ሳለች አንድ ክፉ ዓመት አይታለች። እሸቱ በገባ ጊዜ ቤተሰቡ እንደልቡ በላ፣ ለጎረቤትም ተረፈ፣ ሳቅና ጨዋታ ሆነ። በኋላ ጓዳው ተራቆተ። እናቷ ለልጆቿ ውሃ በጨው አፍልታ ታቀርብና ዓይናቸውን ማየት አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀመጥ ነበር። ያ የእናቷ ጀርባ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ትዳር ከያዘች በኋላም የሞላ ነገር ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ልቧ የሚያርፈው የፍሪዘሩን ክዳን ከፍታ እስከ አፉ ጢም ብሎ ስታየው ነው።

ግን ያ ዓመት ካለፈ ስንት ዘመኑ። ባልየው ሠርቶ ያመጣል፣ አንድ ልጃቸው ጸጉር ቤት ከፍታ ራሷን ችላለች፣ ሾፌር አግብታ ሁለት ሰፈር አልፎ ትኖራለች። ቤቱ ውስጥ ይሄ ጎደለ የሚባል ነገር አልነበረም። የጎደለው አንድ ሳህን የዕለት አተር ብቻ ነው፤ እሱንም የከለከላቸው ማጣት ሳይሆን እሷው ናት። ልጅቷም የእናቷን ነገር ቀድታ ነው ያደገችው። ዳቦ እንኳ ሲገዛ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬውን አትቆርስም። ባሏ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ እየመጣ ደረቅ ዳቦ እንደሚበላ ለአማቱ በሳቅ አጫውቷታል፤ እሷም «ጎበዝ ልጅ አሳድጌያለሁ» ብላ ኮርታለች።

ታዲያ ባልየው ታመመ። መጀመሪያ የሄደበት የምግብ ፍላጎቱ ነው፤ ከዚያ ጉልበቱ ተከተለ። ጆሮው ላይ የሚሰካው እርሳስ ራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ምርመራ አይቶ ሲያበቃ እሷን ወደ ኮሪደሩ ወጣ አደረጋትና «እንግዲህ ያሰኘውን ስጡት» አላት። ሐኪም ያሰኘውን ስጡት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠፋትም። ግን እንዳልገባት ሆነች። እሺ ብላ፣ ኮቱን አልብሳው፣ ደግፋ ወደ ቤት ወሰደችው።

«ምን አሰኘህ?» አለችው በማግስቱ ጠዋት፣ ትራሱን እያስተካከለችለት።

ትንሽ አሰበ። «አተር።»

«አተር መች ጠፋ።»

«የዛሬውን» አላት። «ዛሬ የተለቀመውን፣ ዛሬ። ካልተመቸሽ ግድ የለም።»

ይህ ሰው አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ለሆዱ ብሎ ይሄን አብስይልኝ ብሏት አያውቅም። እሸት ደግሞ ገና መግባቱ ነበር። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

ሻጯ ከሩቅ ስታያት «ዛሬ ደግሞ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትሮጠው» አለች ለራሷ። ባለጥፍሯ እንደዚያ ቀን መርጣ አታውቅም። ክምሩ ላይ ተንበርክካ አንድ በአንድ ነው ያነሳችው። አሸች፣ አዳመጠች፣ በጥፍሯ ሞከረች፣ መለሰች፣ እንደገና አነሳች።

«ማነው እንግዳው?» አለቻት ሻጯ።

«እንግዳ አይደለም። ባለቤቴ አሰኝቶት ነው።»

ሻጯ መታመሙን ሰምታ ነበርና ቀልዱን ተወችው። ከጀርባዋ በጨርቅ ከሸፈነችው፣ ለራሷ ካስቀረችው እሸት ሁለት እጇን ሞልታ ዘንቢሉ ላይ ጨመረችላት። «ይሄን ከእኔ በይው» አለች።

ቤቷ ደርሳ ዘንቢሉን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠች። ድስቱን አወጣች፣ ሽንኩርት ላጠች። ትሪውን ልታነሳ ወደ ጓዳ ስትገባ የፍሪዘሩን ክዳን ከፈተችው። ለምን እንደከፈተችው ዛሬም ብትጠይቋት አታውቀውም፤ እጇ ለምዶ ነው። ከላይ ሁለት ላስቲክ የአምና አተር ቀርቷል። ሰማያዊ ሲባጎው በረዶ ለብሷል።

እዚያ ቆማ ማሰብ ጀመረች፤ ባታስብ ምን ነበረበት። አዲሱ ሊገባ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ቦታ ይዘዋል። አሁን ያ ሁሉ እስኪፈለፈል ይቆያል፣ እሱ ደግሞ የሚበላው ሁለት ማንኪያ ነው። ዛሬ አንደኛዋን ላንሳለት፤ የእሱን ነገ በጠዋት ተረጋግቼ ፈልፍዬ፣ እንደዚያ እንደ እንግዶቹ ቀን አድርጌ እሠራለታለሁ። አንድ ቀን ነው። የት ይሄዳል።

የት ይሄዳል። ይህቺን ቃል ኋላ ብቻዋን ስንቴ እንደደጋገመቻት አትጠይቁኝ።

የአምናውን አበሰለችው። ሙያዋን አልነፈገችውም፤ ቅቤውንም ሽንኩርቱንም አሳምራ ነው የሠራችው። ሳህኑን ይዛ ስትገባ ቀና ብሎ ትራሱን ተደገፈ። ሳህኑን አየው። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል ወደ ወጥ ቤቱ አየ፤ ዘንቢሉ እንደመጣ፣ እንደሞላ በሩ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ማንኪያውን አነሳ። አላመጠ፣ ዋጠ።

«ጥሩ ነው» አላት።

«ያኛውን ነገ በጠዋት እሠራልሃለሁ። እቺ ትለቅ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ጥሩ ነው።»

እንግዳ አለ እንዴ አላላትም። ያን ዕድሜ ልኩን የያዘውን ቀልድ የተወው ያን ቀን ነው፤ እሷ ደግሞ መተዉን ልብ ያለችው በኋላ ነው። የተቆጣ ሰው ቢሆን፣ ሳህኑን ገፍቶ «ምን ዓይነት ሴት ነሽ» ቢላት ኖሮ፣ እሷም ትቆጣና ታልፈው ነበር። ጥሩ ነው ብሎ መብላቱ ነው መድኃኒት ያልተገኘለት።

ንጋት ላይ ትንፋሹ ከበደው። ልጃቸውና አማቹ መጥተው ሆስፒታል አደረሱት። እዚያ ያለ አፍ ነው የሚመግቡት፣ በቱቦ። እሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ያንን ወፍራም አውራ ጣቱን ይዛ ዋለች፣ አደረች። ሊናገር የሚችል በመሰላት ጊዜ ሁሉ ጎንበስ እያለች «ስትወጣ እሠራልሃለሁ፣ አንተ ብቻ ተነሳ» ትለዋለች። ጣቷን ጫን ያደርጋታል። ወደ ቤቱም አልተመለሰም።

ከቀብር መልስ ሰው ገብቶ ወጥቶ፣ ቤቱ ባዶ ሲቀር፣ ዘንቢሉን በሩ አጠገብ አገኘችው። ማንም አልነካውም፤ ሁሉም ሲያልፍ ሲያገድም ገፋ እያደረገው ግድግዳው ጥግ ደርሷል። አተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ቅርፊቱ ተኮማትሯል፣ ከስር ያለው ሻግቷል። በዘመኗ አንዲት ፍሬ ጥላ አታውቅም። ያን ቀን ዘንቢሉን ደጅ ካለው ቆሻሻ መጣያ ላይ ገለበጠችው። ሻጯ ለራሷ ካስቀረችው እሸት የጨመረችላትም አብሮ ሄደ። ከዚያ ገብታ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ በቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ያህል።

ፍሪዘሩ ውስጥ አንድ ላስቲክ ቀርቷል። አምና አብረው የፈለፈሉት፣ እሱ በሰማያዊ ሲባጎ ያሰረው። መጀመሪያ ልታየው አልቻለችም። ኋላ ግን አወጣችና ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። እያንዳንዷ ፍሬ በዚያ አውራ ጣት ሥር አልፋለች። ላስቲኩን ከሁሉም ነገር ሥር፣ የፍሪዘሩ ወለል ላይ አደረገችው። አሮጌን ከታች ስታስቀምጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዓመቱ እንደምንም አለፈ። እሸቱ ሲገባ አትክልት ተራ አልሄድም ብላ ነበር። ግን አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ይመላለስ ጀመር። ገዝቼ፣ ያንኑ ዕለት አብስዬ፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጬ ልብላው። እሱ አይበላውም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቀን በዚህ ቤት የዛሬው ዛሬ ይበላ። ለማንም አልተናገረችም፤ ማን ሰምቶ ጤነኛ ናት ይላል።

ሻጯ ስታያት ተነስታ ሳመቻት። «ምረጪ እንግዲህ፣ እንደልብሽ አገላብጪው» አለቻት። አገላበጠች። ጥፍሯ አልሰነፈም። ግን ድካሙ ሌላ ሆኗል፤ ቤቷ ስትደርስ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ትንሽ አረፍ ልበል ብላ ጋደም አለች። እንቅልፍ ጣላት።

የነቃችው በሽንኩርትና በቅቤ ሽታ ነው። ለአንድ አፍታ ዘመኑ ሁሉ ተደባለቀባት። ከዚያ የልጇን ድምፅ ከወጥ ቤት ሰማች፤ የሥራዋ ቀን ስላልሆነ ልትጠይቃት መጥታ፣ በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገብታ ነው።

«ተኝተሽ እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው እማዬ። ምሳ ደርሷል፣ ነይ።»

ተነስታ ሄደች። ዘንቢሉ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ አለ፣ አልተነካም። ሳህኑ ላይ አተር አለ። ዘንቢሉ አጠገብ መቀስ ተቀምጧል፤ ከመቀሱ ሥር የተቆረጠ ሰማያዊ ሲባጎ።

«አዲስ ስትገዢ ጊዜ ቦታ ላስለቅቅልሽ ብዬ ፍሪዘሩን ከፈትኩት» አለች ልጅቷ ዳቦ እየቆረሰች። «ከሥር አንዷ ተረስታ አገኘኋት። አንቺ ደግሞ ትረሺያለሽ ብዬ አላስብም ነበር። አሮጌው ይለቅ ብዬ አበሰልኳት።»

እናትየዋ ሲባጎውን አየችው። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ የተቆረጠው ከጎኑ ነው። ምን ልትል ትችላለች? ልጅቷ ምን አጠፋች? የዚያ ቤት ልጅ ናት፣ የተማረችውን ነው ያደረገችው። እሱ በነበረበት ቦታ ተቀመጠች። ማንኪያውን አነሳች፣ ጎረሰች። ሁለት ዓመት በረዶ ውስጥ የከረመ አተር ነው፣ ገለባ ገለባ ይላል።

«ጥሩ ነው» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የማን ቃል እንደሆነ አወቀችው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ሳህኑ ላይ አጎንብሳ፣ እያለቀሰች፣ አንድም ፍሬ ሳታስተርፍ በላችው። ልጅቷ ደነገጠች፤ ወንበሯን ስባ አጠገቧ መጣች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«አባትሽ ነው የፈለፈለው። የመጨረሻዋ ናት።»

ልጅቷ መቀሱን አየች፣ ሲባጎውን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምነው ሳትነግሪኝ» አለች። «ምነው እናቴ፣ አንድ ቃል ብትነግሪኝ።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

የሳህኑን ነገር ግን፣ ማለት አባቷ የለመነውንና እሷ የነፈገችውን፣ አልነገረቻትም። አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ እንዴት አድርጎ ይነገራል? ሲባጎውን ጠቅልላ የእሱን እርሳስ ካኖረችበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሳ ዘንቢሉን ወደ እሷ ገፋችው። «ይሄን ውሰጂ። ዛሬ ማታ ለባልሽ አብስዪለት። ዛሬ የተለቀመ ነው።»

«ውይ፣ ለራስሽ የገዛሽውን?»

«ውሰጂ አልኩሽ። ግን ዛሬ ነው የምታበስዪው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ ዘንቢሉን እያነሳች። «ፍሪዘር ውስጥ ካለፈው የቀረች ትንሽ አለች፣ እሷን ዛሬ ላንሳና ይሄን ነገ በጠዋት...»

እናትየዋ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች፣ የመፈልፈያ ትሪውን ከጓዳ አወጣች፣ ጫማዋን አደረገች።

«ወዴት ነው?» አለች ልጅቷ።

«ቤትሽ። ነይ ቀድመሽ ውጪ፣ እኔ ልቆልፍ።»

ልጅቷ ቤት ደርሰው ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፈለፈሉ፣ ጉልበት ለጉልበት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ስለፍሪዘሩ ልታነሳ ስትል እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ተወችው። ሽንኩርቱን እናትየዋ ራሷ ሳይጠቁር አለሳለሰችው። አተሩን ጨመረች፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገች፣ ክዳኑን አልገጠመችም። ጨው መጨረሻ ላይ። አረንጓዴው ድስቱ ውስጥ ደመቀ።

አማቹ ከሥራ ሲገባ አቧራው ከላዩ አልረገፈም። የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ወጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለ፤ አሸተተ፣ ድስቱን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«እንግዳ አለ እንዴ?» አለ።

አያውቅም። ማንም አልነገረውም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። አማቱ ማንኪያውን ይዛ ዞረች።

«የለም» አለችው። «ላንተ ነው። የዛሬ ነው።»

«ለእኔ? ኧረ እማማ፣ እርስዎ እዚህ ድረስ ደክመው?»

«ተቀመጥ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሳህኑን አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ማላመጡን አቆመ፣ ሳህኑን ተመለከተ። ሁለተኛውን ማንኪያ ሞልቶ ወደ እሷ ዘረጋው። «ይቅመሱት እስቲ» አላት።

ከዚያ የልጅነት ዓመት ወዲህ በጥፍሯ ስትመርጠው ኖረች እንጂ በልታው አታውቅም። ማንኪያውን አፏ ውስጥ ይዛ ብዙ ቆየች። ለካ ባሏ ሲለምናት የኖረው ይህን ነበር።